ላዳ ስለሆነች «ያገኘኸው ፓምፕ ይበቃታል» አትበሉ!

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው።

የላዳ ውሃ ፓምፕ ሲበላሽ «አሮጌ መኪና አይደለች እንዴ? ርካሹን ግጠምላት» የሚሉት ነገር አለ። እኔ ደግሞ አሮጌ ስለሆነች ነው መምረጥ ያለብን እላለሁ። የላዳ ሞተር ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል፤ ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። ውሃው በደንብ ካልዞረ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ፓምፕ ላይ ያተረፍናትን ብር በእጥፍ ድርብ ቶርኖ ቤት እንከፍላታለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ሻጩ «ይገጥማል» ይላችኋል። ይገጥማል! ግን መግጠምና ውሃ መግፋት ለየቅል ናቸው። ውሃውን በሚገፋው ክንፍና በፓምፑ ቤት መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት ከ0.9 እስከ 1.3 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ከሰፋ ክንፉ ይዞራል፣ ውሃው ግን እዚያው ይንቦጫረቃል። መንገድ ተዘጋግቶ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል።

ደግሞ የምንኖረው የት ነው? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለደካማ ፓምፕ የሚተርፍ ትዕግሥት የለንም ማለት ነው።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «ኦሪጅናል» የሚለውን ትታችሁ ዕቃውን አውጡት። በእጃችሁ አዙሩት፤ ኩሽኔታው ከተንኳኳ መልሱት። ክንፉ ከስስ ቆርቆሮ የተቀጠቀጠ ከሆነ ተዉት፤ ጠለቅ ያለውን ፈልጉ። ክንፉን ያዙና ፑሊውን ለማዞር ሞክሩ፤ አንዱ ብቻውን ከዞረ ዕቃ አይደለም። ከሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ክፍት መሆኗን እዩ። ከሷ ውሃ መንጠባጠብ ከጀመረ ማገጃው ማለቁን እየነገረቻችሁ ነው። በማስቲሽ የሚደፍናት መካኒክ ግን ውሃውን ወደ ኩሽኔታው እየላከው ነው።

«ሾፌሩ ብሩን ከየት ያምጣ?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የድሮው የራሺያ ፓምፕ ይፈታል። አካሉና ክንፉ ጤነኛ ከሆኑ ኩሽኔታና ማገጃ ብቻ ቀይሩለት፤ ከአዲሱ ቆርቆሮ አሥር ጊዜ ይሻላል። ከዚያ የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙሉበት፤ ዝገት ይበላዋል። ኩላንት ይግባበት።

ላዳ ለብዙ ቤት እንጀራ ናት። በናንተ ቤትም ልጅ ያስተማረች ላዳ ካለች፣ ይህን ለአባታችሁ አንብቡላቸው።