ጳጉሜን «ርዕስ አትሆንም» ሲባል

አዲስ አበባ ውስጥ ለፕሮግራመሮች ስብሰባ ርዕስ የሚመረጠው ባብዛኛው በአንድ ሚዛን ነው፤ ሰሞኑን በዓለም ላይ የሚወራው ምንድን ነው? ከጥቂት ዓመታት በፊት ብሎክቼይን ነበር፤ አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሆኗል። ጳጉሜንን በኮድ ስለመያዝ ላውራ የሚል ሰው ሲመጣ ግን መልሱ አጭር ነው። ጳጉሜንን የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ርዕስ አትሆንም ይባላል።

ይህ መልስ ስህተት ነው፤ ያውም ዋጋ የሚያስከፍል ስህተት። ጳጉሜንን ማወቅና ጳጉሜንን በትክክል የሚያሰላ ፕሮግራም መጻፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጳጉሜን ዝናብ የተጠመቀ ሰው፣ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ የወሮቹን ዝርዝር በ12 ይዘጋል። «የማያውቅ የለም» የሚለው ክርክር ይህን ልዩነት አያይም።

አሥራ ሦስተኛዋ ወር ለሦስት ዓመት 5 ቀን፣ በአራተኛው 6 ቀን ትሆናለች። ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፤ በፕሮግራመር ቋንቋ፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ማለት ነው። 2011 እና 2015 እንዲህ ነበሩ፤ 2019ም እንዲሁ ነው። በማግስቱ የሚገባው መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ይውላል። አዲስ ዓመት ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ የተነሣ ኮድ ሦስት መስከረም ያለ እንከን ያልፋል፤ በአራተኛው አንድ ቀን ይስታል። ያን ጊዜ ኮዱን የጻፈው ሰው ምናልባት ሌላ መሥሪያ ቤት ገብቷል፤ ባጉን የሚፈልገው ስለ ጉዳዩ ምንም ያልሰማ ተተኪ ነው። ከፈረንጁ ዓመት ሁልጊዜ 8 የሚቀንስ ኮድም አለ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ስለሆነ፣ በነዚያ ወራት የተመዘገበ ሰው ሁሉ ዓመቱ ይዛባል።

የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠሩት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ይገጥማቸዋል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንን እና መስከረምን ስለሚይዝ 95 ወይም 96 ቀን ሲኖረው፣ የቀሩት ሦስቱ 90 ቀን ብቻ አላቸው። ወለድ በቀን ሲታሰብ የጳጉሜን አምስት ቀን የት ይገባል? የወር ሪፖርቱስ? ይህን በራሱ ሥራ ላይ ፈትቶ ያየ ሰው መድረክ ተከልክሎ፣ የውጭ ኩባንያ መግለጫ በስላይድ የሚያነብ ሰው ቀዳሚ መሆኑ ያሳዝናል።

ሊብረሪ መምረጥ ራሱ አንድ ሰዓት የሚያከራክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከጃቫ 8 ጋር የመጣው የቀን ሊብረሪ የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዟል፤ የኢትዮጵያን ግን አልያዘም። አይሲዩ እና ጆዳ ታይም በተባሉት ሊብረሪዎች ውስጥ ግን አለ። ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጠው የትኛው ቀን ነው? የሚለወጠውስ መቼ ነው፣ ሲጻፍ ወይስ ሲነበብ? ከዚህ ላይ ቀኑን ከንጋት የሚጀምረው የሰዓት አቆጣጠር ሲጨመር፣ የአውቶቡስ ትኬት ላይ የተጻፈ «11 ሰዓት» ተሳፋሪውን የሚያስቀር ባግ ሊሆን ይችላል።

«ሁሉም ያውቀዋል» ተብሎ የሚገፋው ጳጉሜን ብቻ አይደለም፤ ፊደልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ፤ ተገቢም ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ግን በድምፅ አይለያቸውም፤ ስሙንም መዝጋቢው እንደመጣለት ይጽፈዋል። ዓለምፀሐይ የሚለውን ስም ማየት ይበቃል። የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል፤ ፀ በጸ ይተካል፤ ሐ ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሆኖ ይጻፋል። 4 በ2 በ6 ሲባዛ 48 አጻጻፍ ይሆናል። ዳታቤዙ አርባ ስምንቱን እንደ 48 ሰዎች ነው የሚያያቸው፤ የዩኒኮድ መደበኛ ማስተካከያም አንድ አያደርጋቸውም። የሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ «ፋይልሽ የለም» የምትባል እናት የዚህ ችግር ባለቤት ናት። መፍትሔው ፊደላቱን ጠቅልሎ መፈለግ ነው እንዳይባል፣ በትግርኛ ሀ እና ሐ ድምፃቸው ይለያያል፤ ለአማርኛ የተበጀው መፍትሔ እዚያ ስህተት ይወልዳል። ስብሰባ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ክርክር ነው።

ኤስኤምኤስም አለ። አንድ መልእክት 140 ባይት ይይዛል፤ በላቲን 160 ሆሄ፣ በግዕዝ ፊደል 70 ሆሄ ብቻ ማለት ነው። 100 ሆሄ ያለው የአማርኛ ማሳሰቢያ በሁለት መልእክት ሒሳብ ይሄዳል።

ርዕስ መራጮች አቅራቢውን ሊጠይቁት የሚገባው ራሱ የሠራውን፣ የተበላሸበትንና ያስተካከለውን ነው። ከመድረኩ ፊት የተቀመጡት ፕሮግራመሮች ሁለተኛ ጥያቄ ሲያነሡ መልስ የሚኖረው ይህን ያለፈ ሰው ብቻ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም በዚህ መንገድ ሊመጣ ይችላል፤ መምጣትም አለበት። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ሆሄ 3 ባይት፣ አንድ የእንግሊዝኛ ሆሄ 1 ባይት ይወስዳል። ጽሑፍን ከባይት ተነሥተው ቶከን ወደሚባሉ ቁርጥራጮች የሚከፍሉ ሞዴሎች፣ በሥልጠናቸው ብዙ ያላገኙትን አማርኛ ይሰባብሩታል፤ ክፍያው ደግሞ በቶከን ነው። አንድ የባንክ ደንበኛ ጥያቄ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስንት ቶከን እንደሚወስድ ቆጥሮ፣ ሒሳቡን በብር አስልቶ የሚያቀርብ ሰው ከተገኘ ቀጣዩ መድረክ የእሱ ይሁን፤ የጳጉሜኑ አቅራቢም ከ2019 መጨረሻ በፊት ይቅረብ።