ጦርነትን ማስቀረት የጀግና ሥራ ነው

ጀግና ማን ነው? ተብሎ ቢጠየቅ በብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው መሣሪያ ያነገበ ሰው ነው። ለአገሩ ሲል በጦር ሜዳ የወደቀ ሰው ክብር እንደሚገባው አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ጦርነትን በንግግር ያስቀረ ሰውም ጀግና ነው፤ እንዲያውም የእርሱ ሥራ የበለጠ ይከብዳል የሚል እምነት አለኝ። ምክንያቶቼን ቀጥዬ ስዘረዝር እናንተም መዝኑልኝ።

በመጀመሪያ የጦርነት ጉዳት በጦር ሜዳ ብቻ እንደማይወሰን አስተውሉ። የአዳማን ኢንዱስትሪ ፓርክ ለምሳሌ እንውሰድ። ይህ ፓርክ መስከረም 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ለወጣቶች ሥራ እንዲፈጥርና የጨርቃ ጨርቅና የልብስ ምርት ወደ ውጭ እንዲልክ ታስቦ ነበር። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ልብስ አጎዋ በተባለው የንግድ ዕድል አማካይነት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ። አዳማ ከግንባሩ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ የመድፉ ድምፅ አይሰማባትም። ነገር ግን የአሜሪካ መንግሥት በጦርነቱ የተፈጸመውን የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት አድርጎ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ያንን ዕድል ዘጋ። በአገሪቱ ኢንዱስትሪ ፓርኮች የገበያ ትእዛዝ ቀነሰ፤ ብዙ ሠራተኞችም እንጀራቸውን አጡ። በስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ ቤተሰቧን የምትረዳ ወጣት ጦርነቱን አላወጀችም፤ ዕዳውን ግን ከፈለች። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው መባሉ ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ጦርነት ዞሮ ዞሮ ወደ ንግግር መመለሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተዋጉት ወገኖች በአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪነት ጥቅምት 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ መነጋገር ጀመሩ፤ ጥቅምት 23 ቀን ውጊያውን ለማቆም ተፈራረሙ። ዘጠኝ ቀን እንኳ አልሞላም! ንግግሩ እጅግ ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ከሚሆን አስቀድሞ ቢሆን ኖሮ ስንት ቤት ከሐዘን በዳነ? የተዘጋው ገበያ እንኳ በስምምነቱ ማግሥት አልተከፈተም። ጦርነት በአንድ ሌሊት የሚያፈርሰውን ሰላም በዓመታት ነው የሚገነባው።

አንዳንድ ሰዎች «ድርድር የፈሪ መሸሸጊያ ነው» ይላሉ። ታሪካችን ግን ይህን አይመሰክርም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በኢጣልያ በኩል ማድረግ ትችላለች ሲል፣ ጣልያንኛው ይህንኑ ግዴታ አደረገው። አፄ ምኒልክ ወዲያው ጦር አላዘመቱም፤ አንቀጹ እንዲታረም ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጻፉ። ጦርነቱ ከተነሣ በኋላም መቀሌ ላይ የተከበበው የኢጣልያ ጦር ምሽጉን ለቆ በሰላም እንዲወጣ በድርድር ፈቀዱለት። ንግግሩ ሁሉ ከከሸፈ በኋላ ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል አደረጉ። ታዲያ የዐድዋን መሪ ፈሪ ልንላቸው ነውን? ወራሪ ሲመጣ አገርን መከላከል ግዴታ መሆኑን አልክድም። የምለው፣ ጥይት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ቃል አይሁን ነው።

ይህ ጥበብ ከሩቅ የመጣ አይደለም። ከአዳማ በስተደቡብ በሚገኘው በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴት ስትዳር ሲንቄ የምትባል በትር ትቀበላለች። ሰዎች ሊጋደሉ ሲነሡ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከላቸው ይቆማሉ፤ በባህሉ መሠረት ጠበኞቹ ያንን አልፈው መምታት አይችሉም። በቀጭን በትር ብቻ በሁለት የተቆጡ ወገኖች መካከል መቆም ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ እስቲ አስቡት!

እናንተ ተማሪዎች ነገ ዳኞች፣ መልእክተኞች፣ ሹማምንት ትሆናላችሁ። የአንድ ግሥ ትርጉም ሁለት መንግሥታትን እንዳጣላ አይታችኋልና ቃላችሁን መዝናችሁ ተናገሩ፤ የሌላውንም ቃል እስከ መጨረሻው አድምጡ። ጠብ በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ሲነሣም ከበው ከሚያዩት ጋር አትቁሙ፤ በመካከል ግቡና ገላግሉ። የጀግንነት ትምህርት የሚጀመረው ከዚያ ነው።