አበበ ቢቂላን ለቀቅ አድርጉት!

ልጅ የስፖርት ጫማ ሲጠይቅ «አበበ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለ!» የምትሉ ወላጆችና የሥራ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ ጉዳዬ ከእናንተ ጋር ነው። ብትቀየሙም ተቀየሙ።

አበበ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ንቆ አይደለም። የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ከሮሙ በ3 ደቂቃ ፈጠነ ማለት ነው። ሦስቱንም ደቂቃ ጫማው ሰጠው አልልም፤ ግን ቶኪዮን ለምን ትዘሏታላችሁ?

ጫማ ለውጥ የለውም ካላችሁስ፣ በ2021 ቪየና ማራቶን አንደኛ የገባው ደራራ ሁሪሳ ለምን ተሰረዘ? የጫማው ሶል 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፣ የሚፈቀደው 4 ነው። በ1 ሳንቲ ሜትር ድሉን ተነጠቀ!

ወደ እኛ ሜዳ እንምጣ። የመሮጫ ጫማ የተሠራው ወደ ፊት ለመሄድ ነው። ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ፣ ተረከዙም ከፍ ያለ ነው። ያንን አድርጎ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ልጅ ድንገት ወደ ጎን ሲዞር ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል። ከዛ ወለም አለኝ፣ ወጌሻ ጥሩልኝ! ለቅርጫት ኳስ ሶሉ ጠፍጠፍ ያለ፣ ጎኑ ጠንካራ ጫማ ነው የሚሆነው። ታኬታም ቢሆን ረጃጅም ጥርስ ያለው ለለስላሳ ሣር ነው። የእኛን ሜዳ ታውቁታላችሁ፣ ጠጠር ነው። ጥርሱ መሬት አይገባለትም፣ ልጁ ምስማር ላይ የቆመ ያህል ይሆናል። ለዚህ አጫጭርና ብዙ የጎማ ጥርስ ያለው ይሻላል።

«ብሩ ከየት ይምጣ?» ትሉኛላችሁ። ደመወዜን እያወቃችሁት! ውድ ግዙ ያለ የለም። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ክብረ ወሰን የሰበረችበት ጫማ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ ለስፖርት ክፍለ ጊዜ ማን ጠየቃችሁ? እኔ የምለው፣ ስም ያለው ጫማ ከመፈለጋችሁ በፊት ልጁን «ምንድነው የምትጫወተው?» በሉት።

ስትገዙ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ እግር ሲውል ያብጣል። ልጁ የሚጫወትበትን ካልሲ አድርጎ፣ ቆሞ ይለካ። ከጣቱ ፊት አንድ አውራ ጣት የሚያህል ክፍተት ይበቃዋል (ያድጋል ብላችሁ ሁለት ቁጥር አትጨምሩ፣ በናታችሁ!)። ከዛ ጫማውን እጠፉት። ጣቶቹ ጋ ከታጠፈ ጥሩ ነው፣ መሃሉ ላይ እንደ ወረቀት ከታጠፈ መልሱት። ሻጩ ከተቆጣ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ግቡ።