ዘርን የሚያቆየው ሥራ ነው ወይስ መልክ?

በከተሞቻችን ውሻ ሲባል አስቀድሞ በሐሳብ የሚመጣው ሌሊት ከደጅ ሆኖ የሚጮኸው ዘበኛ ነው። በገጠር ደግሞ ከእረኛው ጋር የሚውለውና ከአዳኙ ጋር ጫካ የሚገባው ይታወቃል። ሳይጮኽና ሳይነክስ፣ ያደነውንም ሳያሳድድ፣ ቀጥ ብሎ በመቆም ብቻ ቀለቡን የሚያገኝ ውሻ አለ ቢባል ግን ብዙ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እንዲህ ያለው ውሻ በእርግጥ አለ፤ ስሙም ሴተር ይባላል። ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ከሴተሮች ሁሉ በቁጥር አነስተኛ ስለ ሆነው፣ አንድ ጊዜም ከመጥፋት አፋፍ ደርሶ ስለ ተመለሰው ስለ አየርላንዱ ቀይና ነጭ ሴተር ነው። የውሻው ታሪክ ከውሻ ያለፈ ጥያቄ ስለሚያስነሣ ጊዜያችንን በከንቱ የምናጠፋ አይመስለንም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ የተገኘው ከማድፈጥ ነው። ጠመንጃ ለወፍ አደን ከመዋሉ በፊት አዳኙ በእጁ የሚይዘው መረብ ነበር። ውሻው ወፎቹ የተሸሸጉበትን ሥፍራ በሽታ ካወቀ በኋላ በሆዱ ይተኛል፤ አዳኙም መረቡን ዘርግቶ በወፎቹ ላይ ይጥላል። ጆን ካይየስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም በ1570 በላቲን ጽፎት በ1576 ወደ እንግሊዝኛ በተመለሰው የውሾች መጽሐፍ ይኸው አሠራር ተገልጾ ይገኛል። መረቡ ቀርቶ ጠመንጃ ሲተካ የውሻው ሙያ አልተለወጠም። ከዘመናት በኋላ ይኸው አንድ ሙያ በአራት ዘሮች ተከፋፈለ፤ እነርሱም የእንግሊዙ፣ ጎርደን የሚባለው ጥቁሩ የስኮትላንድ ሴተር፣ የአየርላንዱ ቀይና፣ እንዲሁም የአየርላንዱ ቀይና ነጭ ናቸው።

የሥራው ሥርዓት እንዲህ ነው። የአየርላንድ ደጋማ ሜዳ ሄዘር በሚባል ቁጥቋጦ የተሸፈነ ነው። ይህ ተክል በሰሜን ተራሮቻችን ለሚበቅለው አስታ ዘመዱ ሲሆን ቁመቱ ግን ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። በውስጡ ቀይ ግራውስ የሚባል ወፍ ይኖራል። አካሉ ከቆቃችን ጋር የሚቀራረብ፣ መልኩ ከቁጥቋጦው ጋር የተመሳሰለ፣ ሊረገጥ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተለጥፎ የሚቆይ፣ ከተነሣ በኋላ ግን ዐይን በማይከተለው ፍጥነት የሚበር ወፍ ነው። አንድ ሰው በእግሩ ብቻ ልፈልገው ቢል ቀኑን ሙሉ ደክሞ በአጠገቡ ያልፈዋል። ስለዚህ አዳኙ ነፋሱን በፊቱ ተቀብሎ ውሻውን ይለቃል። ውሻው ከነፋሱ አግድም፣ በስተቀኝ መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ፣ በስተግራም እንዲሁ እየጋለበ፣ እየተመለሰ ሜዳውን እንደ ገበሬ ያርሰዋል። ራሱን ቀና አድርጎ ነው የሚሮጠው፤ የሚፈልገው በመሬት ላይ የቀረውን ዱካ ሳይሆን ነፋስ ተሸክሞ የሚያመጣውን ሽታ ነውና። ነፋስ ጨርሶ ባልነፈሰበት ወይም ሙቀት በበረታበት ቀን እጅግ የተመሰገነውም ውሻ ይቸገራል።

ሽታው በደረሰው ቅጽበት ያ ሁሉ ግልቢያ በአንድ ጊዜ ይቆማል። አንዱ ቆሞ ይደርቃል፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ያደፍጣል። አዳኙ በዚያን ሰዓት ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ሊገኝ ይችላል፤ ውሻው ግን ይጠብቃል። አዳኙ ሲደርስና ሲያዝዘው ብቻ እግሩን እየቆጠረ ወደ ፊት ይገፋል። ወፎቹ ይነሣሉ፣ ተኩስ ይሰማል፤ ውሻውም በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል መሬት ይዞ ይተኛል። ቢያሳድድ ኖሮ ገና ያልተነሡትን ያስነሣ፣ በጠመንጃ አፍ ፊትም ይገባ ነበር። ሁለት ውሾች በአንድነት ሲሠሩ ደግሞ ሁለተኛው አንዳች ሽታ ሳይደርሰው የባልደረባውን መቆም በዐይኑ አይቶ ባለበት ይገታል፤ የባልደረባውን ግኝት ሊሻማ ወደ ፊት አይሮጥም።

በጦር ሠራዊት ውስጥ ያለ አንባቢ ይህን ሲያነብ ቃኚን ማስታወሱ አይቀርም። ቃኚ ጠላትን ያየ ጊዜ ወዲያው ተኩስ ቢከፍት የተላከበትን ጉዳይ አበላሸ ማለት ነው። ማየት፣ ባሉበት መጽናት፣ ያዩትን ለሚገባው ማሳወቅ፣ ትእዛዝ መጠበቅ፦ ይህን በሰው ልጅ ላይ ለመትከል ስንት ወር እንደሚፈጅ አሠልጣኞች ያውቁታል። በሴተር ላይ ግን ግማሹ ነገር ከደሙ ጋር የሚወለድ ነው። ገና ያልሠለጠነ ቡችላ የወፍ ሽታ ሲደርሰው ራሱ ይቆማል። ማሠልጠን የሚያስፈልገው እንዲቆም ሳይሆን ቆሞ እንዲቆይ ነው። ይህ ተፈጥሮ የተገኘው በብዙ ትውልድ ምርጫ ሲሆን ምርጫው የተዛባ ዕለት በጥቂት ትውልድ ውስጥ ሊጠፋ የሚችል ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገርም ከዚህ ላይ ይጀምራል።

ጥንት የአየርላንድ ሴተር አብዛኛው ነጭ መደብ ላይ ቀይ የፈሰሰበት ነበር። ይህም መልክ ያለ ምክንያት የተወደደ አልነበረም። ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ሳይንቀሳቀስ የቆመን ውሻ ቡናማ በሆነ ቁጥቋጦ ውስጥ ለማየት ነጩ ጠጉር ይረዳል፤ ቀዩ ግን ከደረቀው ሄዘር ጋር ይመሳሰላል። ሆኖም በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የባለ ርስቶቹ ዐይን በሙሉ ቀዩ ላይ ዐረፈ። ከመሳፍንቱ አንዱ የነበረው የኤኒስኪለን ባላባት ገና በመቶ ዓመቱ መጀመሪያ ከሙሉ ቀይ በስተቀር ሌላ አልፈልግም ማለቱ ይነገራል። በ1859 በእንግሊዝ ኒውካስል ከተማ የመጀመሪያው የውሾች ትርኢት ሲደረግ የቀረቡት አመልካችና አድፋጭ የወፍ ውሾች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዳኛው በምንጣፍ ላይ የቆመውን ውሻ እያየ ሽልማት መስጠት ያዘ፤ ቀዩም ውሻ በፀሐይ ሲያብለጨልጭ እጅግ ያምራል። በ1882 በደብሊን የተቋቋመው ማኅበር የቀይ ሴተር ማኅበር ነበር። ነጭ ያለበት ቡችላ በብዙ ቤት እንደ ጉድለት ተቆጠረ። የሞናሃኑ የሮስሞር ቤተ ሰብና ጥቂት ሌሎች ባያቆዩት ኖሮ የቀይና ነጩ ነገር ያን ጊዜ ባበቃ ነበር።

አባቶቻችን «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ሲስፋፋ በብሪታንያ ባለጠጎች ዘንድ የአደኑ ስልት ተለወጠ። ባለ ጠመንጃዎቹ በተሠራላቸው መደበቂያ ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ፤ የቀን ሠራተኞች ተሰልፈው ወፎቹን በሆታ እየነዱ ወደ አፈ ሙዛቸው ያመጡላቸዋል። በዚህ ስልት ፈልጎ የሚያመለክት ውሻ ሥራ የለውም። እኛ በበኩላችን ይህን አደን ብለን ለመጥራት እንቸገራለን፤ እርድ ቢባል ይቀርበዋል። በአየርላንድ ግን ወፉ እንዲህ ለመነዳት የሚበቃ ብዛት ስላልነበረው በእግር ሄዶ ከውሻ ጋር ማደን ቀጠለ፤ ለሴተሮቹም የተረፈላቸው እንጀራ ይኸው ነበር።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀይና ነጩን ለማዳን የተነሣው ባለ ርስት አልነበረም። በዳውን አውራጃ በባሊናሂንች የነበሩት የገጠር ቄስ ኖብል ሂውስተን ከዚህም ከዚያም የቀሩትን እየፈለጉ ማራባት ጀመሩ። የቡችሎቹን ልደት ከምእመናን ልደት ጋር በሰበካው መዝገብ ላይ ይጽፉ እንደ ነበር ይተረካል፤ ምእመናኑ ምን እንዳሉ ግን አልተነገረንም። በ1940 አካባቢ ወይዘሮ ሞሪን ከዲ የተባሉ ሴት ከዚያው ዘር አንዲት በሽተኛ ቡችላ ተቀብለው አስታመው አዳኗት፤ ከእርሷም ብዙ ዘር ወጣ። በ1944 ለዘሩ ማኅበር ቆመለት። ቢሆንም ቁጥሩ ሳይበረክት ቆይቶ በ1970ዎቹ የአየርላንድ የውሾች ማኅበር ነገሩን እንደገና አንሥቶ በቁጥጥር እንዲራባ አደረገ፤ ዛሬ ያለው የዘሩ ክበብም በ1981 ተመሠረተ። አሜሪካ ዘሩን በሙሉ ዕውቅና የተቀበለችው በ2009 ነው።

በዚሁ ጊዜ የተወደደው ቀዩ ወንድሙ ምን ሆነ? በአሜሪካ የትርኢት ጌጥ ሆነ። ጠጉሩ ረዘመ፣ ቁመቱ ጨመረ፣ የአደን ፍላጎቱ ግን ከብዙዎቹ ጠፋ። በ1962 አንድ ቀይ ሴተር ዋና ተዋናይ የሆነበት የዋልት ዲዝኒ ፊልም ወጣ፤ በ1970ዎቹም ውሻው በዚያ አገር እጅግ ከሚፈለጉት አንዱ ሆነ። ከአደን የማይለዩት ሰዎች ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጠፋውን ሙያ ለመመለስ ከእንግሊዝ ሴተር ጋር ማዳቀል ግድ ሆነባቸው። ውድ ሆኖ የተያዘው ሙያውን አጣ፤ የተናቀው ግን በጥቂት ሰዎች እጅ ከነሙያው ቀረ። ይህን ስንል ቀይና ነጩ ሁሉ ብርቱ ሠራተኛ ነው ማለታችን አይደለም። በእርሱም ላይ ምንጣፉ ዐይኑን ጥሏል።

ይህ ሁሉ የባለጠጋ አገር ቅንጦት ነው፣ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ውሻው የበቀለው በፊውዳል ግቢ ውስጥ እንደ ሆነ፣ ገባር የነበረው የአየርላንድ ገበሬ በሚያርሰው መሬት ላይ የምትኖረውን ወፍ ቢይዝ ይቀጣ እንደ ነበር አንክድም። ነገር ግን ግቢው ፈርሶ ባላባቱ ሲሄድ ውሻው የባላባቱ ብቻ እንዳልነበረ ታየ። የገጠር ቄስና አንዲት ሴት አዳኑት፤ ዛሬም ከእርሱ ጋር ተራራ ከሚወጡት መካከል ተራ ሠራተኞችና ገበሬዎች አሉ። ደግሞም ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሸኮ ከብት የሚባል አለ፤ ቁመቱ አነስተኛ፣ ሻኛውም ትንሽ፣ አንዳንዱም ጭራሹን ሻኛ የለውም። ይህ ከብት በፄፄ ዝንብ የሚተላለፈውን የገንዲን በሽታ ከብዙዎቹ ከብቶች ይልቅ ይቋቋማል። ከሌላ ከብት ጋር እየተደባለቀ ንጹሑ ዘር መመናመኑን የከብት ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በገበያ ቀን ቁመቱን ብቻ አይቶ የሚያልፈው ገዢ ዝንቡ ያለበትን ቆላ አያስታውስም።

ወደ አየርላንድ እንመለስ። ዛሬ ዘሩን የሚያሰጋው የውሻው ማነስ ብቻ ሳይሆን የወፉም ማነስ ነው። በአየርላንድ ሪፑብሊክ ከ2006 እስከ 2008 በተደረገው ቆጠራ የተገመተው የቀይ ግራውስ ብዛት ወደ 4,200 ገደማ ነበር፤ ከ1968 እስከ 1972 ከተደረገው ጥናት ጋር ሲነጻጸር ወፉ የሚገኝበት ሥፍራ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው፦ በግ የበዛበት ተራራ፣ በሜዳው ላይ የተተከለው የጥድ ደን፣ ያለ ሥርዓት የሚለኮስ እሳት፣ የአተር አፈር ቁፋሮ፣ ቀበሮና ቁራ። በሕግ የተፈቀደው የአደን ወቅት የመስከረም ወር ብቻ ነው፤ ከነሐሴ አሥራ ሁለት ጀምሮ ወራት የሚዘልቀው የብሪታንያው ነው። እንግዲህ ወፍ በሌለበት ተራራ ላይ ሴተር ምን ሊያመለክት ነው? ውሻውን እወዳለሁ የሚል ሰው አስቀድሞ ለሄዘሩ መቆርቆር አለበት፤ ለጠጉር ማበጠሪያ ከሚያወጣው ገንዘብ የተወሰነው ወደ ተራራው ቢሄድ እንመርጣለን። ውሻውን በሥራ ለማቆየትም የግድ ወፍ መግደል አያስፈልግም። በሙያ ውድድሮች ወፉ ይነሣል፣ ባዶ ጥይት ይተኮሳል፣ ወፉም በሕይወቱ ይሄዳል፤ ዳኛው የሚፈልገውን ሁሉ አይቷል። የወፉን ብዛት ለመቁጠርም እነዚሁ ውሾች ያገለግላሉ፤ ቆጣሪ ሆኖ ወፉን የሚጠብቀው አዳኝ የነበረው ውሻ መሆኑ ደስ ያሰኛል።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። በብሪታንያ ደንብ የአደን ውሻ በምንጣፍ ላይ ብቻ ቢያሸንፍ የሚሰጠው ማዕርግ «የትርኢት ሻምፒዮን» የሚል ነው፤ «ሻምፒዮን» ተብሎ በሙሉ ለመጠራት በሜዳ ሙያውን ማሳየት አለበት። መልካም ደንብ ነው። አንዳንዶች ከዚህ ዐልፈው በሜዳ ያልተፈተነ ውሻ ጨርሶ አይራባ ይላሉ። ለብዙ ሺህ ዘር ይህ ይሠራ ይሆናል። ከጥቂት አባቶችና እናቶች ለተገኘ ዘር ግን እያንዳንዱን ያልተፈተነ ውሻ መጣል ደሙን ይበልጥ ያጠብባል፤ የጠበበ ደም ደግሞ የተሸሸገ በሽታ ያወጣል። በዚህ ዘር ውስጥ የነጭ የደም ሕዋሳትን የሚያሰንፍ፣ ቡችሎችን ከተላላፊ በሽታ መከላከያ የሚያሳጣ የውርስ ሕመም ተገኝቶ ተሸካሚዎቹን በደም ምርመራ መለየት አስፈልጎ ነበር።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ፈተናው በወንዱ ላይ ይጥበቅ የሚል ነው። አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው የተወሰነ ነው፤ አንድ ተወዳጅ ወንድ ግን በጥቂት ዓመታት የዘሩን ግማሽ የራሱ ልጆች ሊያደርገው ይችላል። ወንዱ ተራራ ወጥቶ ቆሞ መጠበቅ መቻሉ ይረጋገጥ፤ ያለፈውም ቢሆን የሚሰጠው የርቢ ቁጥር በመዝገብ ይወሰን፤ ሴቶቹ በጤናቸው እስካለፉ ድረስ ገና ባይፈተኑም አይጣሉ። ክበቦቹ ይህን በደንባቸው ለመጻፍ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው የትርኢት ዋንጫ በመደርደሪያው የደረደረውን አባላቸውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነው።