ስልኩን መቀማት ማንን ይጠቅማል?

ስለ ልጆችና ስለ ቲክቶክ በተነሣ ቁጥር የማይቀር ምክር አለ፤ «ወላጅ ልጁን ይቆጣጠር» ይባላል። በሬዲዮ ይነገራል፣ በትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ይደገማል፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላም ይሰማል። ምክሩ እንደ ምክር የሚያጣላ ነገር የለውም። ችግሩ ከሚሴ ላይ የሚመከረው ወላጅ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ አለመኖሩ ነው።

ከሚሴ ያለችበትን፣ በአማራ ክልል የሚገኘውን የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም። ከባቲ፣ ከዳዋ ጨፋ፣ ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከጅሌ ጥሙጋ ስንቱ ወጣት በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ ገብቷል፤ ስንቷ እናት ጅዳና ሪያድ የሰው ቤት ትሠራለች። ልጅ የሚያድገው አያት ጋር ነው። ስልኩን የላከችውም እናት ናት፣ ማታ ሥራ ስትጨርስ በኢሞ የልጇን ፊት ለማየት። አያት ፊደል አልቆጠረችም፤ ስልክ ሲጮህ አረንጓዴውን መንካት ታውቃለች፣ በቃ። ቲክቶክ ከ2012 ጀምሮ ወላጅ የራሱን አካውንት ከልጁ ጋር አገናኝቶ የሚቆጣጠርበት ዘዴ አለው። እሺ፣ አያትየዋ በየትኛው አካውንቷ ታገናኘው?

ኩባንያዎቹ «ልጆችን እንጠብቃለን» የሚሉት ደግሞ በሚሞላው የልደት ዓመት ላይ ተመሥርተው ነው። በቲክቶክ ደንብ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አካውንት አይከፍትም፤ 16 ያልሞላው የግል መልእክት አይላላክም፤ 18 ያልሞላው ላይቭ አይገባም። አሁን በ2006 የተወለደች የከሚሴ ልጅ አስቡ። ዘንድሮ በ2018 ገና 12 ዓመቷ ነው። ልደቷን ሳትዋሽ «2006» ብላ ብትጽፍ አፑ በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበውና የ20 ዓመት ወጣት ያደርጋታል። ያ ሁሉ ጥበቃ በአንድ ጊዜ ተነሣላት፤ ማንም ሰው ሊጽፍላት፣ ላይቭም ልትገባ ትችላለች። ብዙ ጊዜ ግን እሷም አትሞላውም። ስልክ ቤት ያለው ልጅ አፑን ሲጭንላት ኢሜይሉንም፣ የይለፍ ቃሉንም፣ ዓመቱንም ከራሱ ፈጥሮ ሞልቶ ያስረክባታል። የይለፍ ቃሏን የሚያውቀው እንግዲህ እሱ ነው።

ይህን ሁሉ አልፈን ወደ ዋናው እንምጣ። አንድ ሰው ፎቶዋን ይዞ «ብር ላኪ፣ ያለዚያ ለአጎትሽ እልከዋለሁ» ይላታል። ፎቶው የእርቃን መሆን አያስፈልገውም። ከሚሴ ላይ ሂጃቧን አውልቃ ለጓደኛዋ የላከችው ሥዕል ይበቃል። ፊቷን ከሌላ ሴት ገላ ላይ የለጠፈም ቢሆን ያው ነው፤ እውነት ይሁን ውሸት የሚያጣራ ዘመድ የለም። ዛሬ 200 ብር ይጠይቃል፣ ነገ 500፣ ከዚያ በአካል ነይ ይላል። ልጅቱ ለምን አትናገርም? ብትናገር የሚሆነውን ስለምታውቅ ነው። መጀመሪያ ስልኩ ይቀማል፤ ከእናቷ ጋር የምታወራበት እሱው ነው። ከዚያ ዱላ አለ። ከዚያ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፣ ቀጥሎ በር የሚያንኳኳው ወይ ባል ነው ወይ ደላላ። አስፈራሪው ይህን ሁሉ ከእኛ በላይ ያውቃል። የሚነግደው በፎቶው አይደለም፣ በቁጣችን ነው። ቤተሰብ «አንድ ነገር ብሰማ ስልክሽን ሰብሬ እጥለዋለሁ» ባለ ቁጥር የሰውዬው ዋጋ ይጨምራል።

ዩኒሴፍ፣ ኤክፓትና ኢንተርፖል ስለ ኢትዮጵያ ያወጡት ጥናትም የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባቸው ወደ ፖሊስ የሚሄዱት እጅግ ጥቂት ናቸው፣ አጥፊውም ብዙ ጊዜ የሚያውቁት ሰው ነው። ባሕር ማዶ ያለ ሰይጣን ብቻ የምንፈራ ከሆነ የሠፈሩን ልጅ አናየውም።

«ታዲያ ስልኩን እንዳሻት ታድርግ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ማታ ስልኩ አያት ራስጌ ይደር፣ ሰዓትም ይወሰን። የምቃወመው እውነት የተናገረችን ልጅ መቅጣትን ነው።

«ይዘጋ» ለሚሉትም መልሱ ሩቅ አይደለም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቲክቶክ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በአገር ደረጃ ተዘግተው ነበር፤ ልጆቹ ቪፒኤን አጠቃቀም ተማሩበት። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ የጠፋው የእናት ድምፅ ነበር።

ጉዳዩ አንዳንዴ ከቤት ይወጣል፣ ግን ሽማግሌ እጅ ይገባል። ለአባጋር ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ደም ያቃባ ጠብ የሚያበርድ ሥርዓት ነው። የ13 ዓመት ልጅ ስትበዘበዝ ግን እርቅ ማለት ሁለት ቤተሰብ ተሳስሞ ሰውዬው ስልኩን እንደያዘ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው። ሕጉ አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 12 የልጆችን የወሲብ ምስል ማዘጋጀትን፣ ማሰራጨትንና መያዝን፣ ልጅን ለዚህ ማባበልንም ወንጀል አድርጓል፤ በአንቀጽ 13 ደግሞ በዚህ መንገድ ማስፈራራትን። የጎደለው አንዲት ልጅ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም አስረድታ፣ ሳትሰደብ የምትመለስበት አንድ ጠረጴዛ ነው። ለዚህ በጀት አያንስም፤ የዞኑ ፖሊስና የሴቶችና ሕፃናት መምሪያ አንዲት ሴት ባለሙያ መድበው ስልክ ቁጥሯን በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ።

ኩባንያዎቹም በነፃ አይለቀቁ። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2014 ለእንግሊዝ ፓርላማ ስትመሰክር፣ ፌስቡክ ከኢትዮጵያ ቋንቋዎች በደህንነት ሥርዓቱ የሚሸፍነው ሁለቱን ብቻ እንደነበረ ተናግራለች። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አካውንት እንዳይኖራቸው ስታደርግ፣ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚደርሰውን ቅጣት የጫነችው በኩባንያዎቹ ላይ እንጂ በወላጅ ላይ አይደለም። እኛ ግን ሁሉንም አያት ላይ ጭነናል። ለጊዜው ከኩባንያዎቹ ቢያንስ በልደት ዓመት ላይ የኢትዮጵያን አቆጣጠር እንዲያውቁ መጠየቅ አይበዛም።

ጅዳና ሪያድ ላለሽው እናት፦ ዛሬ ማታ በኢሞ ስትደውዪ ስለ ፈተና ከመጠየቅሽ በፊት አንድ ነገር ንገሪያት። «ማንም ሰው ምንም ቢልክልሽ አልቆጣሽም፣ ስልክሽንም አላስቀማሽም፤ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ» በያት። መልእክቱን እንዳታጠፋ፣ ስክሪንሹት እንድታነሣ፣ ብር እንዳትልክ ንገሪያት። አያትየዋም አጠገቧ ሆና ትስማ።