ስለ መንገድ ዳር ዘምባባ በበኩሌ የምለው

ባለፈው እሑድ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በመዋጮው ገንዘብ ለመንገዳችን ግራና ቀኝ ዘምባባ ይገዛ ሲባል ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሳይነገር የታለፈ ነገር አለና ይህችን ጽፌአለሁ።

የታሰበው ለሆሳዕና ቀለበት የምንሠራበት የአገራችን ዘምባባ አይደለም። የዚያ ቅጠል እንደ ላባ ነው፤ ይኸኛው ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋው ዋሽንግቶኒያ ነው። ትውልዱ የካሊፎርኒያና የአሪዞና በረሃ ሲሆን ስሙም የወጣለት በጆርጅ ዋሽንግተን ነው። (ማራገቢያ ቅጠል ያለው ዘምባባማ እኛም አለን፤ አፋሮች ምንጣፍ የሚሠሩበት። እሱ ግን የቆላ ልጅ ነው።)

ጠንካራ ነው መባሉ እውነት ነው። ሥር ከያዘ በኋላ ከዜሮ በታች እስከ 8 ዲግሪ ብርድ ስለሚችል የኅዳርና የታኅሣሥ አመዳይ አያስፈራውም። ድርቅም ይችላል። የማይችለው የተኛ ውሃ ነው። በአገሩም የሚበቅለው ምንጭ አጠገብ ነው፤ ብቻ ውሃው የሚሄድ ይሁን። የኛ ሰፈር አፈር ደግሞ ዋልካ ነው፤ ነሐሴ ላይ ምን እንደሚመስል ቦቲ ያጠለቀ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ቦዩ ይጠረግ፣ መትከያውም ከፍ ብሎ ይደልደል። ከ3 ዓመት በፊት የተከልናቸው ለምን ሞቱ? «ነፋስ እንዳይጥላቸው» ተብሎ እስከ አንገታቸው ስለተቀበሩ ነው እንጂ እርግማን አይደለም። ችግኙ በፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት አይለፍ።

ዘምባባ ልቡ አንድ ነው፤ ጫፉ በገጀራ ከተመታ ሌላ አያወጣም። ግንዱም ከቆሰለ ቁስሉ አይሽርም። ስለዚህ ማስታወቂያ፣ ይህን የኔንም ጨምሮ፣ በሚስማር አይመታበት!

ደግሞ ከ15 ሜትር በላይ ይወጣል፤ የደረቀው ቅጠል ሳይረግፍ እንደ ቀሚስ ይንጠለጠልና የአይጥ መኖሪያ፣ የእሳትም ማገዶ ይሆናል። የቅጠሉ አገዳ እንደ መጋዝ እሾህ አለው። ታዲያ በየዓመቱ ማን ወጥቶ ያጸዳዋል? በጀቱ ውስጥ አላየሁም። ከመብራት ሽቦ ሥርማ ፈጽሞ አይተከል።

ከሁሉ የከበደኝ የጥላው ነገር ነው። ዘምባባ ጥላው የአንድ ሰው ጃንጥላ አያህልም። በሰፊው መግቢያ ላይ አራት ይተከል፤ ያምራል፣ አልቃወምም። መታጠፊያው ላይ፣ ጉሊት ያሉት እናቶች ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታቸው ቦታ ግን ዋንዛ ይሁን። እነሱ እሑድ ገበያ ላይ ስለነበሩ አልተጠየቁም፤ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ይጠየቁ።