ለሣር የወጣው ሕግ ለአክሲዮን ጠፋ!

ለመሆኑ «ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን ተወጣን» እያሉ የሚያደነቁሩን ኩባንያዎች ኃላፊነቱን የሰጣቸው ማነው? ባነር ሰቅሎ፣ ችግኝ ይዞ ፎቶ መነሣትና በዓመት አንዴ ደብተር ማደል ኃላፊነት ከተባለ፣ ነገ ቢተዉትስ ማን ይጠይቃቸዋል? ማንም! በጎ ፈቃድ ነዋ! እኔ ግን በፈቃድ የመጣ በፈቃድ ይሄዳል ባይ ነኝ።

ትርፍንና የጋራ ጥቅምን በአንድ ገመድ ማሰር የፈረንጅ ጥበብ ብቻ የሚመስለው ካለ መንዝን ይጠይቅ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ውርጫም ደጋ ነው። የጓሳ ሣር ደግሞ ለባላገሩ ገንዘብ ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚደረበው ገሳ ይሠራበታል። ሁሉም ባሻው ቀን ቢያጭደው ኖሮ ገና ድሮ አልቆ ነበር።

የመንዝ አባቶች ታዲያ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዘለቀው የቄሮ ሥርዓት (የሰሞኑ ወጣቶች ቄሮ እንዳይመስላችሁ!) ልጓም አበጁለት። የአስቦና የጌራ ልጆች አለቃቸውን አባ ቄራን ራሳቸው ይመርጣሉ። ጓሳው ለ3፣ ሲያስፈልግም ለ5 ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ባለመብቱ ሁሉ ያጭዳል። ከቀኑ በፊት ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣል። ቄሮ እንከን አልነበረውም አልልም፤ ከአስቦና ከጌራ ዘር ላልሆነ በሩ ዝግ ነበር። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ግን ጓሳው ተጎዳ፤ በኋላ ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰ።

ይህን የመሰለ ውርስ ያለው አገር የ1952ቱን የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲያድስ ምን ጻፈ? ሰባት ዓይነት የንግድ ማኅበር ዘረዘረ። እሽሙር አለ፣ አክሲዮን አለ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ማኅበር እንኳ አለ። ትርፉንና የሕዝቡን ጥቅም አቻችሎ ሊሄድ በሕግ የሚታሰር ኩባንያ ግን የለም! በዚያው ዓመት ሩዋንዳ የማኅበረሰብ ጥቅም ኩባንያ የሚባል ዓይነት በኩባንያ ሕጓ ውስጥ አስገባች። የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት በ2002 ዓ.ም.፣ ጣሊያን በ2008 ዓ.ም. ቀድመዋል። የእኛ አርቃቂዎች 60 ዓመት ጠብቀው ይህን ሊያዩት አልቻሉም!

«የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ አይደል?» የሚል ካድሬ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አለ! ያ አዋጅ ግን ጉዳት እንዳታደርስ ይላል እንጂ ጥቅም አምጣ አይልም። የአቃቂን ወንዝ ያየ ሰው ደግሞ «አታድርስ» የተባለው እንኳ እንዴት እንደሚከበር ያውቀዋል።

ወረቀት ብቻውን ያድናል ብዬም አልሞኝም። የፈረንሳዩ ዳኖን በሰኔ 2012 ዓ.ም. በመተዳደሪያ ደንቡ ራሱን ባለተልዕኮ ኩባንያ አደረገ። ዓመት ሳይሞላው፣ በመጋቢት 2013 ዓ.ም.፣ የኩባንያው ውጤት ያላስደሰታቸው ባለአክሲዮኖች በፈጠሩት ግፊት ሊቀመንበሩ ኢማኑኤል ፋበር ከሥልጣን ተነሣ። ተልዕኮው ተጽፎ ነበር፤ አባ ቄራ ግን አልነበረውም!

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የንግድ ሕጉ ስምንተኛ ዓይነት ማኅበር ይጨመርበት። መግባቱ በፈቃድ ይሁን፤ ከገቡ በኋላ ግን እንዳሻቸው መውጣት አይኑር። ሁለተኛ፣ ለሕዝብ ምን እንዳደረገ በየዓመቱ በአደባባይ ያስረዳ። ሦስተኛ፣ ቃሉን ካጠፈ ባለአክሲዮኑ ብቻ ሳይሆን ወንዙ የተበከለበት ገበሬም ፍርድ ቤት ሊያቆመው ይችል። ይህን የማይፈልግ ኩባንያ መብቱ ነው፤ ለትርፉ ይነግድ፣ ግብሩን ይክፈል፣ «ሕዝባዊ ነኝ» እያለ ግን አያጭበርብረን!

መንዜ ማጭዱን እስከ ቀኑ ድረስ ከግድግዳ ላይ ሰቅሎ የጠበቀው ከሌላው ሰው ይልቅ ደግ ሆኖ አይደለም። ራሱ የመረጠው፣ የሚፈራውም አለቃ ስለነበረው ነው። የእኛ ባለአክሲዮን ከመንዝ ገበሬ የሚበልጥበት ምን ጽድቅ አለውና ያለ ዳኛ ይታመናል? ምክር ቤቱ ይመልስልን!